የኤልክ ዕጣ ወጥቶልኛል፤ በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ የትኛውን ልግዛ? (ኮሎራዶ)

የአውሮራ_ልጅ ጻፈ፦

ሰላም ለቤቱ። በዘንድሮው ዕጣ የሴት ኤልክ (የትልቋ ዋላ) አደን ፈቃድ ደርሶኛል። ፈቃዱ የመዝልሎደር ነው፤ በአፈሙዙ የሚጎርሰው። ያመለከትኩት አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ሰው ብዙ አይሻማበትም፣ ቶሎ ይደርስሃል» ስላለኝ ነው። የአዳኝነት ትምህርቱን ጨርሼ ካርዴን ይዣለሁ። ጠመንጃ ግን የለኝም። አገር ቤት እያለሁ የአጎቴን ምንሽር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከማየት በቀር ነክቼም አላውቅ።

ትናንት አንድ ትልቅ የስፖርት ዕቃ መደብር ጎራ አልኩ። ሻጩ ሙሉ ጥቅል አወጣልኝ። .45 ካሊበር (የአፈሙዙ ስፋት በኢንች) ጠመንጃ፣ ስኮፕ፣ ማለትም አጉልቶ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ ተገጥሞለት። ክኒን የሚመስል የባሩድ እንክብል አንድ ሳጥን። ፕላስቲክ የለበሰ ጥይት አንድ ፓኬት። «ይሄን ይዘህ ነገውኑ ጫካ መግባት ትችላለህ» አለኝ። ዋጋው ከ600 ዶላር ይበልጣል። እኔ የያዝኩት ባሩዱንም ጥይቱንም ጨምሮ 500 አካባቢ ነው። ላስብበት ብዬ ወጣሁ።

ምን ትላላችሁ? ትንሽ ጨምሬ ልግዛው ወይስ ሌላ የተሻለ አለ?

ሸዋዬ_ከፑዌብሎ ጻፈች፦

እንኳንም አልገዛኸው! እዚያ ጥቅል ውስጥ ያንተ ፈቃድ የሚቀበለው አንድም ነገር የለም። አልቀለድኩም። ሻጩ ሊሸውድህ አስቦ ላይሆን ይችላል፤ ዕቃው በብዙ ስቴት ሕጋዊ ነው። በኮሎራዶ የመዝልሎደር ወቅት ግን ከካሊበሩ እስከ ጥይቱ ያስጠይቅሃል።

ለአጋዘን፣ ለፕሮንግሆርንና ለድብ ከሆነ ከ.40 ጀምሮ ይፈቀዳል። ኤልክና ሙስ ግን ከ.50 በታች አይሞከርም። ስለዚህ .45 ገና በሩ ላይ ቀረ። ስኮፕ በዚህ ወቅት ክልክል ነው። ባትሪ ያለው ማነጣጠሪያም እንዲሁ። የሚፈቀደው ተራው የብረት ዒላማ፣ ጠመንጃው ላይ ያለው ማነጣጠሪያ ነው፤ ጫፉ ላይ ደማቅ ፋይበር ኦፕቲክ ነጠብጣብ ቢኖረው ግን ችግር የለም። እንክብሉ ባሩድም አይፈቀድም። ልቅ የሆነውን በመስፈሪያ እየሰፈርክ ነው የምታጎርሰው። ፕላስቲክ የለበሰው ጥይት ደግሞ ሳቦት ይባላል፤ እሱንም ይከለክላሉ።

ጥይቱ ላይ ሌላም ነገር አለ። ርዝመቱ ከውፍረቱ እጥፍ መብለጥ የለበትም። ለ.50 አንድ ኢንች ማለት ነው። ክብደቱ ከ.40 እስከ .50 ላለው ካሊበር ቢያንስ 170 ግሬን (የጥይት ክብደት መለኪያ ነው)፣ ከ.50 ለሚያልፈው ቢያንስ 210 ግሬን መሆን አለበት።

ይሄ ሁሉ የስቴቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት፣ ፓርክስ ኤንድ ዋይልድላይፍ፣ በየዓመቱ በሚያወጣው የትልልቅ አራዊት ብሮሹር ላይ ተጽፏል። በነፃ ነው። መጀመሪያ የዘንድሮውን አንብበው፣ ከዚያ ወደ ሱቅ ሂድ።

ቨርጂኒያዊው ጻፈ፦

ኧረ ተዉ እንጂ፣ ልጁን አታስደንግጡት። እኔ እዚህ ቨርጂኒያ ስኮፕ ገጥሜ ሳቦት ነው የምተኩሰው። ማንም አንድ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። .45 ለአጋዘን ይፈቀዳል፣ በደንብም ይጥላል። ዓይኑ ደከም ላለ ሰው ደግሞ ያለ ስኮፕ መተኮስ እንስሳውን ማቁሰል ነው የሚሆነው። ይሄ ሕግ ለእኔ አይገባኝም።

ሸዋዬ_ከፑዌብሎ ጻፈች፦

ወንድሜ፣ ቨርጂኒያና ኮሎራዶ በዚህ ጉዳይ ሌላና ሌላ አገር በላቸው። አይዳሆ ብትሄድ ደግሞ ከእኛም ይብሳል፤ ባሩዱን የሚለኩሰውን 209 ፕራይመር እንኳን አይፈቅዱም። ሜሪላንድ ሌላ፣ ፔንስልቬንያ ሌላ። ፔንስልቬንያ ከገና በኋላ ባለው ወቅት በባልጩት ድንጋይ የሚተኮሰውን ካልያዝክ አያስገቡህም።

ለምን እንደሚያከብዱት ግን ነገሩ ግልጽ ነው። የእኛ ወቅት ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ 9 ቀን ብቻ ነው። ያኔ ኤልክ የሚጣመሩበት ጊዜ ነው። ወንዱ ይጮሃል፣ መደበቁን ይረሳል። በዚያ ሰዓት ሩቅ የሚመታ ጠመንጃ ለሁሉ ቢፈቀድ ምን ይተርፋል? ጥሩውን ጊዜ ሰጥተው መሣሪያውን አሳጠሩት። ለእኔ ፍትሐዊ ነው።

የጥንቱ_አዳኝ ጻፈ፦

ልጄ፣ እንኳን ደስ አለህ። ሴት ኤልክ መሆኗ ለመጀመሪያ ጥሩ ነው። ሥጋዋ ለስላሳ ነው፣ የቀንድ ቆጠራ ጣጣ ውስጥም አትገባም።

ሸዋዬ ሕጉን ጨርሳዋለች። እኔ ወደ ጠመንጃው ልግባ። በያዝከው ብር የሚያዋጣህ .50 ካሊበር፣ ወገቡ ላይ እየተሰበረ የሚከፈት ኢንላይን ነው። እሳቱ ከባሩዱ በስተኋላ ቀጥ ብሎ ስለሚገባ ነው ኢንላይን ያሉት። የሚለኮሰው በ209 ፕራይመር ነው፤ ያው የሾትጋን ጥይት ላይ ያለው። ኮሎራዶ ይሄን ትፈቅዳለች። ዋናው ባሩዱና ጥይቱ በአፈሙዙ በኩል መግባታቸው ነው።

ሲቪኤ የሚባለው ኩባንያ ከሚሠራቸው ዎልፍ ርካሹ ነው። ዋጋው ከ300 ዶላር ብዙም አይርቅም። ባረሉ (ቱቦው) 24 ኢንች ስለሆነ ቁጥቋጦ ውስጥ አያስቸግርም። ኦፕቲማው 26 ኢንች ነው፣ ትንሽ ይከብዳል፣ ስትተኩስ ትከሻ ላይ ይሻላል። አኩራ የሚሉት ደግሞ ከሁሉም ያምራል። ኤልኳ ግን ልዩነቱን አታውቅም። ትራዲሽንስ የሚባለው ኩባንያም በክስቶከር የምትባል ቀለል ያለች አለችው፤ እሷም ሥራዋን ትሠራለች።

አሁን የምነግርህን ግን ልብ በል። በዚህ ዘመን የሚመጡት ኢንላይኖች ብዙዎቹ ለስኮፕ ተብለው የተሠሩ ናቸው። ባረላቸው ላይ የብረት ዒላማ የለም። የብሎን ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ያው አንዱ ሞዴል ዒላማ ያለውም የሌለውም ሆኖ ይመጣል። ሳጥኑ ላይ ያለውን ፎቶ አትመን። አውጥተው እጅህ ላይ ይስጡህ። ከአፈሙዙ ጫፍ የፊቱን፣ ከባረሉ መሃል አለፍ ብሎ የኋላውን ዒላማ በዓይንህ እይ። ከሌለው ለብቻው ገዝተህ ማስገጠም ሌላ ወጪ፣ ሌላ ቀጠሮ ነው።

ባረሉ ላይ 1:28 የሚል ጽሑፍ ታያለህ። ጥይቱ 28 ኢንች ሲጓዝ አንድ ዙር ይዞራል ማለት ነው። ረዘም ላለ ሾጣጣ ጥይት የሚሆነው ይሄ ነው። 1:60 ወይም 1:66 ካየህ ለክብ እርሳስ የተሠራ ነው። 1:48 ሁለቱንም ይሞክራል፣ አንዱንም አይጠላም።

ባሩድ_ሽታ ጻፈ፦

ጋሼ ከይቅርታ ጋር፣ ኢንላይን መዝልሎደር ነው እንዴ? ፕላስቲክ ሰደፍ ያለው፣ እንደ ዘመናዊ ሾትጋን የሚሰበር። አያቶቻችን «ቁመህ ጠብቀኝ» ይዘው ያደኑት ስኮፕም 209ም ኖሯቸው ነው?

የአውሮራ ልጅ፣ አንድ ጊዜ የጎን መዶሻ ያለውን ያዝ። ሆከን የሚባለውን ቅርጽ። የእንጨት ሰደፍ፣ የነሐስ ጌጥ፣ ከበድ ያለ ባለ ስምንት ማዕዘን ባረል። መዶሻውን ስትጎትተው ቀጭ ትላለች፤ ያቺ ድምፅ ብቻዋን ዋጋ አላት። እኔ ያገለገለ ላይማን ግሬት ፕሌንስ .54 ነው የያዝኩት። .530 የሆነች ክብ እርሳስ በጨርቅ ጠቅልዬ አጎርሰዋለሁ። ክብደቷ 224 ግሬን አካባቢ ነው፣ የ210ሩን ደንብ ታልፋለች። ጨርቁ ሳቦት አይባልም፣ የተፈቀደ ነው።

.50 ብትገዛም .490 ክብ እርሳስ 177 ግሬን ናት። 170ውን ለጥቂት ታልፋለች።

የዒላማ ነገርም አያሳስብህም። እነዚህ ጠመንጃዎች ከፋብሪካ ሲወጡ የብረት ዒላማቸውን ይዘው ነው። ማንም ስኮፕ ሊሸጥልህ አይሞክርም።

የጥንቱ_አዳኝ ጻፈ፦

ውበቱን አልክድም። እኔም ግድግዳዬ ላይ አንድ አለኝ። ግን ልጁ ጠመንጃ ይዞ አያውቅም። እስቲ አመሻሹን አስበው። ቀኑን ሙሉ ዞሮ አልተኮሰም። ጨልሟል። ጠመንጃው ጎርሷል። ኢንላይኑን ከሆነ ሰብሮ ይከፍታል፣ ፕራይመሩን ያወጣል፣ የኋላውን ብሎን ፈትቶ ባሩዱንና ጥይቱን በዘንጉ ገፍቶ ያወጣል። አለቀ። የጎን መዶሻው ግን ከኋላ አይከፈትም። ወይ ለስላሳ አፈር ላይ ተኩሶ ማራገፍ ነው፣ ወይ ጥይቱን በመጎተቻ ብሎን መታገል ነው። ድንኳን አጠገብ፣ በጨለማ፣ ለጀማሪ? አይሆንም።

ደግሞ ክብ እርሳስ ቶሎ ይደክማል። በ60 እና በ70 ያርድ ኤልክ ላይ ይሠራል፣ ከዚያ በላይ ግን አላምነውም። ኤልክ አጋዘን አይደለም። ትከሻው ወፍራም ነው። 300 ግሬንና ከዚያ በላይ የሆነ ሾጣጣ እርሳስ ጠልቆ ይገባል። ሆርናዲ ግሬት ፕሌንስ የሚባለውን እይ። ሌላም ብትገዛ ካሊፐር ይዘህ ርዝመቱን ለካው፣ አንድ ኢንች እንዳያልፍ። ፓኬቱ ላይ «ለኮሎራዶ ይሆናል» ተብሎ ቢጻፍም ራስህ ለካ። ጥበቃው የሚጠይቀው አንተን ነው፣ ፓኬቱን አይደለም።

ባሩድ_ሽታ ጻፈ፦

የማራገፉን ነገር ተቀብያለሁ። በ70 ያርዱ ግን አልስማማም፤ መቅረብ የማይችል ሰው ለምን መዝልሎደር ያዘ?

ጀማሪ_ከሴንተኒያል ጻፈ፦

ይቅርታ ክሩን ላቋርጥ። እነዚህ ጠመንጃዎች ያለ ምንም ምርመራ በፖስታ እስከ ቤት ድረስ ይላካሉ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? የእኔ ወረቀት ገና በሂደት ላይ ነው። እንዲያ ከሆነ ለእኔም ይፈቀዳል ማለት ነው?

አወያይ ጻፈ፦

ይሄን ጥያቄ በቁም ነገር እንመልሰው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው።

እውነት ነው፣ የፌዴራሉ ሕግ አብዛኞቹን በአፈሙዝ የሚጎርሱ ጠመንጃዎች እንደ ጥንታዊ መሣሪያ ስለሚቆጥር እንደ ሌላው ጠመንጃ ፎርም አያስሞላም። ሁሉንም ግን አይደለም። ባረሉ ተነቅሎ ቀለህ ያለው ጥይት የሚተኩስ ባረል የሚገጠምለት ዓይነት ከሆነ እንደ ማንኛውም ጠመንጃ ነው የሚታየው።

ሱቅ አልጠየቀህም ማለት ግን ሕግ ፈቀደልህ ማለት አይደለም። የስቴቱ ሕግ የራሱ ትርጉም አለው። ቀደም ሲል በወንጀል የተፈረደበት ሰው «ጥንታዊ ነው» ብሎ እንዳይጃጃል። ወንድማችን ደግሞ ወረቀትህ ያላለቀ ከሆነ ጠመንጃ ከመንካትህ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አነጋግር። ከመሣሪያ ጋር የተያያዘ ጥፋተኝነት ከአገር ሊያስባርር ይችላል። የአንድ ሰዓት የጠበቃ ክፍያ ይሻልሃል። መድረክ ላይ የተባለ ነገር ፍርድ ቤት አያድንም፣ የእኔንም ጨምሮ።

እስከዚያው የአዳኝነት ትምህርቱን ግን መውሰድ ትችላለህ። ኮሎራዶ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ጀምሮ የተወለደን ሁሉ ያንን ካርድ ትጠይቃለች። ነዋሪ ተብለህ በርካሹ ዋጋ ለማመልከት ደግሞ ቢያንስ ስድስት ወር በተከታታይ እዚህ መኖር አለብህ። የዕጣው ማመልከቻ የሚዘጋው ኤፕሪል የመጀመሪያው ማክሰኞ ነው። ብዙ ሰው ያመልጠዋል።

ጀማሪ_ከሴንተኒያል ጻፈ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ጠበቃዬን እጠይቃለሁ።

የአውሮራ_ልጅ ጻፈ፦

ጉድ ነው! ያንን ጥቅል ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ጋሼ ባሉት መሠረት ዛሬ ሌላ ሱቅ ሄጄ ዎልፉን በእጄ ይዤ አየሁት። መደርደሪያው ላይ ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ዒላማ አለው፣ አንዱ የለውም። ዋጋቸው ብዙም አይራራቅም። ዒላማ ያለውን አስይዣለሁ። አሁን ደግሞ ባሩዱ ግራ ገባኝ። ፓይሮዴክስ አለ፣ ትሪፕል ሰቨን አለ፣ ብላክሆርን አለ። ዋናው ጥቁር ባሩድ ግን የለንም አሉኝ። የቱን ልያዝ?

ኑር_ከቶርንተን ጻፈ፦

ዋናውን ጥቁር ባሩድ ሁሉም ሱቅ አይዝም። ሕጉ እንደ ፈንጂ ስለሚቆጥረው ማከማቸቱ ጣጣ አለው። ለአንተ ምትኩ ይበቃል።

ፓይሮዴክስ ርካሽ ነው፣ በቀላሉ ይለኮሳል። ግን ይበላል። ማለቴ ብረት ይበላል። በተኮስክበት ዕለት ማታ በሞቀ ውሃና በሳሙና ካላጠብከው ጠዋት ባረሉ ዝጎ ታገኘዋለህ። ትሪፕል ሰቨን ይሻላል፣ ሽታውም ያን ያህል አይደለም፣ ግን ከጥቁር ባሩድ በ15 በመቶ ገደማ ይበረታል። ስለዚህ መጠኑን በዚያው ልክ ቀንስ። እሱንም ቢሆን በዚያው ቀን እጠበው። ብላክሆርን 209 ውድ ነው። ግን ብዙ አያቆሽሽም፣ ሦስት አራት ጊዜ ሳትወለውል ትተኩሳለህ። ለሲቪኤ ከሆነ ለብላክሆርን ተብሎ የተሠራውን የኋላ ብሎን ለብቻው ግዛ፤ ከጠመንጃው ጋር የሚመጣው እሳቱን በደንብ አያደርስለትም።

በጀትህ እንዳልከው ከሆነ ትሪፕል ሰቨን ልቅ የሆነውን ያዝ። እንክብሉም በዚያው ስም ስለሚሸጥ ጣሳው ላይ ያለውን አንብብ። እንዳትሳሳት።

ሦስት ነገር ግን አደራ። ጭስ አልባ ባሩድ፣ ለዘመናዊ ቀለህ የሚሸጠውን፣ አጠገቡ እንዳታደርስ። በዚህ ወቅት ክልክል ነው፣ ከዚያም በላይ ጠመንጃውን ፊትህ ላይ ሊያፈነዳው ይችላል። ከጣሳው በቀጥታ ወደ አፈሙዙ አታፍስስ። ባረሉ ውስጥ ፍም ቢኖር ጣሳው በሙሉ እጅህ ላይ ይነሳል። መጀመሪያ መስፈሪያው ውስጥ፣ ከመስፈሪያው ወደ ባረሉ። ከዚያ ጥይቱን እስከ ባሩዱ ድረስ ጠቅ አድርገህ አስገባው፣ መሃል ላይ ክፍተት እንዳይቀር።

ሸዋዬ_ከፑዌብሎ ጻፈች፦

የኑርን ልጨምርበት። ዘንጉ ላይ ምልክት አድርግ። ባዶ ባረል ውስጥ ዘንጉን እስከ መጨረሻው አስገባና በአፈሙዙ ልክ በቀለም አንድ መስመር። በትክክል ካጎረስክ በኋላ ደግሞ ሁለተኛ መስመር። ከዚያ በኋላ ሁሌ ዘንጉን ስታስገባ ምልክቱ ይነግርሃል። ሁለተኛው መስመር ከአፈሙዙ ከፍ ብሎ ከታየህ ወይ ጥይቱ መሃል ላይ ቆሟል ወይ ሁለቴ አጉርሰሃል። ሁለቴ ማጉረስ ተረት እንዳይመስልህ። ሰው ሲደነግጥ ያደርገዋል።

ምላጩን ስበህ ካልተኮሰ ደግሞ አፈሙዙን ካነጣጠርክበት ሳታነሳ አንድ ደቂቃ ሙሉ ጠብቅ። አንዳንዴ ባሩዱ ዘግይቶ ነው የሚነሳው።

የአውሮራ_ልጅ ጻፈ፦

ሰላም ጎበዝ፣ ተመልሻለሁ። ጠመንጃው እጄ ገብቷል። ትሪፕል ሰቨን እና ሆርናዲ ሾጣጣ ይዣለሁ። በካሊፐር ለካሁት፣ ከአንድ ኢንች በታች ነው። ተመስገን።

ቅዳሜ መለማመጃ ቦታ ሄጄ ተኮስኩ። በ50 ያርድ ደህና ነው፣ ሁሉም አንድ ሳህን ውስጥ ገባ። በ100 ያርድ ግን ወረቀቱ ላይ ተበተነ፣ አብዛኛውም ወደ ታችና ወደ ግራ ነው። የፊቱ ዒላማ አረንጓዴ ነጠብጣብ የወረቀቱን ክብ ሙሉ በሙሉ ይሸፍንብኛል። ምን ላድርግ?

ባሩድ_ሽታ ጻፈ፦

መጀመሪያ በየተኩሱ መሃል እርጥብ ጨርቅ አንድ ጊዜ፣ ደረቅ ጨርቅ አንድ ጊዜ አስገብተህ ወልውል። ባረሉ ሲቆሽሽ ጥይቱ በየጊዜው በሌላ ኃይል ነው የሚወጣው። መበተኑ ግማሹ ከዚያ ነው።

ዒላማውን ስታስተካክል የኋላውን ጥይቱ እንዲሄድልህ ወደምትፈልገው አቅጣጫ ነው የምታንቀሳቅሰው። ወደ ታችና ወደ ግራ ከሄደብህ የኋላውን ወደ ላይና ወደ ቀኝ። የፊቱን ካንቀሳቀስክ ግን ተቃራኒው ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አትነካካ፣ ትጠፋለህ።

የወረቀቱን ክብ ደግሞ ትልቅ አድርገው። ነጠብጣቡ መሃሉ ላይ አይቀመጥ፤ ክቡ ከላዩ እንዲቀመጥበት አድርግ። ከሥሩ ያዘው ነው የምልህ።

የጥንቱ_አዳኝ ጻፈ፦

ዓይንህ ካስቸገረህ ቀዳዳ ዒላማ የሚባል አለ። የኋላው ቁራጭ ብረት ላይ ትንሽ ቀዳዳ ነው። በእሱ ውስጥ አሻግረህ የፊቱን ነጠብጣብ ብቻ ታያለህ። መስታወት የለውም፣ ባትሪ የለውም፣ ስለዚህ በኮሎራዶ ይፈቀዳል። ዊሊያምስ የሚባለው ኩባንያ ለሲቪኤ የሚገጥም ይሠራል። ዕድሜው ከ40 ላለፈ ሰው የሚገዛው መጀመሪያ ይሄን ነው። ቨርጂኒያዊው፣ ይሄ ላንተም መልስ ነው።

በ100 ያርድ ሁሉም ጥይት አንድ ተራ የምግብ ሳህን የምታህል ክብ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ራስህን የ100 ያርድ ሰው አትበል። እስከዚያው የ60 ያርድ ሰው ነህ። ምንም ነውር የለውም። እኔ ራሴ ከ80 በላይ አልተኩስም።

ስትተኩስ መጀመሪያ የምታየው ጭስ ነው። ነጭ ደመና ፊትህ ላይ ይቆማል። ኤልኳ ትውደቅ ትሩጥ አታይም። ቀድመህ የቆመችበትን ዛፍ ወይም ድንጋይ በዓይንህ ያዝ። ከተኮስክ በኋላ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ዘወር በልና እይ። ከዚያ ቦታህ ላይ እንዳለህ እንደገና አጉርስ። አጉርሰህ ሳትጨርስ ወደ እሷ አትሂድ።

የአውሮራ_ልጅ ጻፈ፦

ጋሼ፣ አንድ የሚያሳፍር ጥያቄ ልጠይቅዎ። እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «በጥይት የሞተ እንዴት ይበላል፣ ብከት አይደለም ወይ?» አለችኝ። ምን ልበላት?

የጥንቱ_አዳኝ ጻፈ፦

ምን ያሳፍራል፣ ደግ ጥያቄ ነው። ኤልክ የዋላ ወገን ናት። ሰኮናዋ የተሰነጠቀ፣ የምታመሰኳ። ዘዳግም ምዕራፍ 14 ላይ ዋላና ሚዳቋ ከሚበሉት ተቆጥረዋል። ስለ እርዱ ግን የንስሐ አባትህን ጠይቅ። እኔ በዚህ ላይ አልፈርድም። ነፍሷ ሳትወጣ ልድረስ ብለህ ቢላ ይዘህ የቆሰለች ኤልክ አጠገብ ግን እንዳትጠጋ። አንድ ርግጫዋ የጎድን አጥንት ይሰብራል። ስታይ እንዳልሞተች ከሆነ በተገቢው ርቀት ሁለተኛ ጥይት ነው መልሱ።

ኑር_ከቶርንተን ጻፈ፦

እኛ ዘንድ ምላጩን ከመሳብህ በፊት ቢስሚላህ ማለት ነው። በሕይወት ከደረስክባት ደግሞ ታርዳለህ። እኔ ግን ጋሼ እንዳሉት ነው የማደርገው፣ መጀመሪያ ርቀቴን እጠብቃለሁ።

ቨርጂኒያዊው ጻፈ፦

ቀዳዳ ዒላማውን አዝዣለሁ። በሕግ አስገድዶኝ አይደለም፣ ለማየት ያህል ነው። ሳቅ እንዳትሉ።

ሸዋዬ_ከፑዌብሎ ጻፈች፦

ብለናል።

የአውሮራ ልጅ፣ ልብስህን አትርሳ። በዚህ ፈቃድ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ፍሎረሰንት ቢያንስ 500 ስኩዌር ኢንች ከወገብህ በላይ፣ ኮፍያውም ጭምር ከየአቅጣጫው የሚታይ መሆን አለበት። ዝንጉርጉሩ አይቆጠርም። ቀስተኞች በዚያው ሰሞን ጫካ ውስጥ ናቸው፣ እነሱ ግን እንዲለብሱ አይገደዱም። ስለዚህ ብርቱካን የለበሰ ሰው ስላላየህ ሰው የለም ብለህ እንዳትተኩስ።

መኪና ውስጥ ስትገባ ፕራይመሩን አውጣ። ያኔ እንዳልጎረሰ ይቆጠርልሃል። ፕራይመሩ ካለበት ግን ጎርሷል ነው የሚባለው፣ በመኪና ውስጥ ደግሞ ክልክል ነው። ለመተኮስም ከመንገዱ መሃል መስመር ቢያንስ 50 ጫማ ራቅ።

ከሰዓት በኋላ ተራራው ላይ ዝናብ አይጠፋም። አፈሙዙ ላይ አንድ ቁራጭ የኤሌክትሪክ ቴፕ ለጥፍበት። ስትተኩስ ከጥይቱ ፊት ያለው አየር ራሱ ይገነጥለዋል፣ ማንሳት አያስፈልግህም።

የአውሮራ_ልጅ ጻፈ፦

ቴፑን ዛሬውኑ እገዛለሁ። ወቅቱ የሚከፈተው በእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው፤ ቤት ውስጥ ዶሮ እየተሠራ እኔ ድንኳን ውስጥ ልሆን ነው። ባለቤቴ እስካሁን አልተዋጠላትም።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ብቻዬን ነው የምሄደው። ብመታ እንዴት ነው የማወጣው?

የጥንቱ_አዳኝ ጻፈ፦

ሴት ኤልክ በሕይወቷ 500 ፓውንድ ገደማ ትመዝናለች። ብቻህን አታወጣትም። አራቱን እግር፣ የጀርባውን ሥጋና ውስጡን ሙዳ ይዘህ መውጣት ግዴታህ ነው፤ የሚበላ ሥጋ ጥሎ መምጣት ያስቀጣል። ከመንገድ ሁለት ማይል ርቀህ ከጣልክ ብዙ ምልልስ አለብህ፣ ቀኑ ደግሞ ገና ይሞቃል። ሥጋውን ከአጥንቱ ለይተህ በጨርቅ ከረጢት ጥላ ሥር ስቀለው። የፆታዋ ማስረጃ ግን ከአንዱ ሥጋ ጋር ሳይቆረጥ መቅረት አለበት፣ ጥበቃው ይጠይቅሃል። ፈቃዱን ደግሞ እንደጣልካት ወዲያው ፈርመህ ቀን ጻፍበት።

ሸዋዬ_ከፑዌብሎ ጻፈች፦

የትኛው ዩኒት (የአደን ክልል) ነው የደረሰህ? ፍላት ቶፕስ አካባቢ ከሆነ እኔና ባለቤቴ የመጀመሪያውን ቅዳሜና እሁድ እዚያ ነን። የብረት መሸከሚያ ያለው ሁለት ቦርሳ አለን። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።